የጠራ ውሃና የተመረመረ ውሃ፦ በጉና ተፋሰስ ሥር ስለ ሰደደ አንድ ስሕተት

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ ውሃ በተነሣ ቁጥር፣ ከወረዳ የዓመት ሪፖርት እስከ ደጀ ሰላም ወግ ድረስ፣ አንድ አስተያየት ገዥ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም የዚህ አካባቢ ችግር የውሃ እጥረት እንጂ የውሃ ጥራት አይደለም፣ ፋብሪካ በሌለበት ደጋ ብክለት የሚባለው የከተሜ ወሬ ነው፣ ከጉና ሥር የሚፈልቅ ምንጭ በተፈጥሮው ንጹህ ነው፣ ወንዙም ቢሆን እየወረደ ሲሄድ ራሱን ያጠራል የሚል ነው። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው አስተያየቱ ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱም ከቃል አልፎ በሕፃናት ጤናና በሕዝብ ገንዘብ ላይ ዋጋ እያስከፈለ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ተቃራኒው ክርክር በሙሉ ጉልበቱ መቅረብ አለበት። የስማዳና የታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያዘቀዝቁበት በኩል ምንጩ በበጋ ሲነጥፍ እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ገደል ወርደው ገደል ይወጣሉ፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች መሆናቸውም የእጦቱ ምስክር ነው። ለጠማው ሰው ስለ ባክቴሪያ ማውራት ፌዝ ነው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሳይንሱም በከፊል ከዚህ ወገን ይቆማል፤ ዴቪድ ብራድሊ የተባሉት የሕክምና ሊቅ ከጊልበርት ኋይትና ከአን ኋይት ጋር በምሥራቅ አፍሪካ የውሃ አጠቃቀም ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሃው ራሱ ተሸክሟቸው የሚመጣውን እንደ ታይፎይድና ኮሌራ ያሉ በሽታዎች፣ የመታጠቢያ ውሃ በማነሱ ብቻ ከሚስፋፉት እንደ ትራኮማና እከክ ካሉት ለይተዋል። ትራኮማ ደግሞ የደቡብ ጎንደር የቆየ ቁስል ነው፤ ካርተር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአማራ ክልል ሲደግፈው የኖረው የመከላከል ሥራ ከመድኃኒት እደላና ከቀዶ ሕክምና ጋር የፊት ንጽሕናን ያካተተው፣ ዓይን የሚያጠፋው በሽታ ከዝንብና ከቆሸሸ ፊት ጋር ስለሚሄድ ነው። ፊት ለመታጠብ ደግሞ ውሃው መብዛት እንጂ መጣራት አያሻውም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው፣ የውሃ ጉዳይ ተናጋሪ ሁሉ የሚያነሣው ተረትም ስለ ጥም ይናገራል፤ ከጠጡ በኋላ ስለሚመጣው ሆድ ቁርጠት ግን አንድም ቃል የለውም።

ክርክሩ ከዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የሚያጣላ ነገር ባልነበረ። ስሕተቱ የሚጀምረው «እጥረቱ ከባድ ነው» ከሚለው እውነት ተነሥቶ «ስለዚህ ጥራቱ ችግር አይደለም» ወደሚለው ድምዳሜ ያለ ድልድይ ሲሻገር ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያደርስ ምን ማስረጃ ቀርቦ ያውቃል?

በቅድሚያ «የተራራ ምንጭ ንጹህ ነው» የሚለው እምነት ይፈተሽ። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ፣ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተገነባ ተራራ ሲሆን፣ ከትከሻው የሚነሣው ውሃ በሦስት አቅጣጫ ይከፈላል፤ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ፣ በላይ ጋይንት በኩል በሰሜን የሚፈሰው ወደ ተከዜ ይሄዳል፣ በምሥራቅና በደቡብ የሚወርደው ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይገባል። ተፋሰስ ማለትም ይኸው ነው፤ በላዩ የወረደ ዝናብ ሁሉ፣ ያጠበውን ሁሉ ይዞ፣ ተሰብስቦ በአንድ መውጫ የሚፈስበት የመሬት ገጽ። የጉና ዐለት በአብዛኛው ባዝልት ነው፤ ባዝልት ውሃን የሚያሳልፈው እንደ አሸዋ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እያጣራ ሳይሆን በስንጥቆቹ ነው። በአሸዋ ውስጥ እየተንፏቀቀ የሚያልፍ ውሃ የያዘውን ተሕዋስያን በመንገድ ላይ ይጥላል፤ በስንጥቅ የገባ ውሃ ግን በላይ በኩል ያለውን የበረት፣ የማሳና የመጸዳጃ ጉድጓድ እጣቢ እንደያዘ ከታች ብቅ ሊል ይችላል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው የታወቀ መመሪያም ለአፈርማና ለአሸዋማ መሬት እንጂ ለተሰነጣጠቀ ዐለት ዋስትና አይሆንም። እንግዲህ «ከመሬት ውስጥ ስለሚወጣ ንጹህ ነው» የሚለው ሰው መሬቱ ምን ዓይነት መሬት እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው የሚፈርደው።

ይህን ለመፈተን ላቦራቶሪ እንኳ አያሻም። የጎለበተ ምንጭ የሚባለው፣ የምንጩ ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ተከድኖ በቧንቧ እንዲወርድ ሲደረግ፣ በላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሲቆፈርለት፣ ዙሪያው በአጥር ሲከበርና ለከብት የተለየ ገንዳ ከታች ሲሠራለት ነው። በተመረቀበት ቀን ይህ ሁሉ ይሟላል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ቢጎበኝ ግን የአጥሩ እንጨት ለማገዶ ሄዷል፣ ቦዩ በደለል ተሞልቶ ሣር አብቅሎበታል፣ ከብቱ ከገንዳው ይልቅ ወደ ቧንቧው ሥር መጠጋቱን መርጦ ዙሪያውን አጨቅይቶታል፣ የምንጩ ዓይን የተከደነበት ክዳንም ተሰንጥቆ በጭቃ ተለስኗል። የሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ በወረደ ማግሥት ውሃ ቀጂዋ ጀሪካኗን ስትደቅን የሚወርደው ውሃ ድፍርስ ይሆናል፤ እርሷም «ዝናብ ነው፣ ነገ ይጠራል» ብላ ትቀዳለች። በእርግጥም ነገ ይጠራል። ነገር ግን ከጥልቅ የሚመጣ ውሃ ትናንት ማታ ስለ ዘነበው ዝናብ አያውቅም። በአንድ ሌሊት ዝናብ የሚደፈርስ ምንጭ የሜዳው ጎርፍ ወደ ውስጡ እንደሚገባ በራሱ አፍ መሰከረ ማለት ነው፤ ከጎርፉም ጋር በሜዳው ላይ የተጣለው ሁሉ ይገባል። በማግሥቱ የሚዘቅጠው አፈሩ ብቻ ነው።

የአካባቢው ሰው ውሃ ሊጎዳ መቻሉን አያውቅም ማለት ግን ሐሰት ነው። ከኩሬ የሚቀዳ ቤተሰብ ውሃውን በነጠላ አጥልሎ የሚጠጣው አልቅት ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ደም እንዳይመጥ ነው፤ ይህም ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። በባንግላዴሽ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ውሃን ብዙ ጊዜ በታጠፈ አሮጌ የሴቶች ልብስ ማጥለል ብቻውን የኮሌራን ሕመም በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ የኮሌራ ባክቴሪያ በውሃ ውስጥ በሚዋኙ ጥቃቅን ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ጨርቁ ነፍሳቱን ሲይዝ እርሱንም አብሮ ይይዛል። ነጠላ የሚይዘው ግን ዓይን የሚያየውን ወይም ለመታየት የተቃረበውን ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው፣ በሰውና በደመ ሞቃት እንስሳት አንጀት የሚኖረው ባክቴሪያ፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ለአምስት መቶ ቢከፈል የአንዱን ክፍል ያህል ስለሆነ በነጠላ ድርና ማግ መካከል እንደ ልቡ ያልፋል። የውሃ መርማሪዎች የሚፈልጉትም እርሱን ነው፤ መገኘቱ ውሃው ከዓይነ ምድር ጋር መገናኘቱን ስለሚጠቁም። ምርመራው የሚያስደንቅ ጥበብ የለበትም፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀጭን ማጣሪያ ወረቀት ላይ ያልፋል፣ ወረቀቱ በምግብ ፈሳሽ ተነክሮ በእጅ በሚያዝ ሣጥን ውስጥ በ44 ዲግሪ ሙቀት ያድራል፣ በማግሥቱ ሲከፈት ከእያንዳንዱ ባክቴሪያ የተነሣች ቢጫ ነጥብ ትቆጠራለች። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ በዚያ ወረቀት ላይ አንዲትም ነጥብ እንዳትገኝ ይጠይቃል።

ዓይን ዳኛ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የለንደን ሰዎች በ1854 እ.ኤ.አ. ባላለቁ። በዚያ ዓመት ሐኪሙ ጆን ስኖው የኮሌራ መነሻ መሆኑን ያረጋገጠው የብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ በጥራቱና በጣዕሙ የሚመረጥ ነበር፤ ከዚያ ሰፈር ርቀው የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ጣዕሙን ወደውት በየጊዜው እያስመጡ ሲጠጡ ከሰፈራቸው ተለይተው በኮሌራ መሞታቸው ለስኖው ዋና ማስረጃ ሆኖለታል። ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያም ሲመጣ አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በተካሄደው አገር አቀፍ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት የመጠጥ ውሃ በየመቅጃውና በየቤቱ ሲመረመር፣ «የተሻሻለ» ተብሎ ከሚመዘገብ ምንጭ ከሚቀዱት ብዙዎቹ ኢ. ኮላይ ያለበት ውሃ እንደሚጠጡ ታይቷል።

«ወንዝ ራሱን ያጠራል» የሚለው ከሌሎቹ ይልቅ ወደ እውነት ይቀርባል፤ ስለዚህም ይበልጥ ያታልላል። ወንዝ በእርግጥ ራሱን የማጥራት ኃይል አለው፤ ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ አሜሪካውያን ኦሃዮ ወንዝን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1925 በሒሳብ ቀመር እንዳስቀመጡት፣ ቆሻሻ የገባበት ወንዝ በመጀመሪያ ቆሻሻውን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱበት ይዳከማል፣ ከዚያም ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ያገግማል። ቀስ በቀስ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይሰመርበት። ለማገገም ጊዜ፣ ርቀትና ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ ከጉና የሚወርዱት ጅረቶች ደግሞ ከሦስቱ አንዱም የላቸውም። ተዳፋቱ ቁልቁል ስለሆነ ጠዋት ከላይኛው መንደር የተነሣ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ከታችኛው መንደር ይደርሳል፣ ከዓይነ ምድር የወጣ ባክቴሪያ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዱም ለሳምንታት ሕያው ሆኖ ይቆያል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ስለሚወርድ በመጋቢትና በሚያዝያ ጅረቱ ተቆራርጦ ኩሬ ይሆናል፤ ያ ኩሬ የሰው መቅጃ፣ የከብት መጠጫና የልብስ ማጠቢያ ነው። በዚያ ላይ ወንዙ ከአንዱ መንደር የተቀበለውን ሳይጨርስ የሌላውን ይጨምራል። የእምነቱን ውሸትነት ከሁሉ የሚያጋልጠው ግን የአማኙ ሥራ ነው፤ ወንዙ ይጠራል የሚል ሰው ለራሱ መጠጥ የሚቀዳው ልብስ ከሚታጠብበትና ከብት ከሚገባበት በላይ ወጥቶ ነው። ይጠራል የሚለው ስለ ታችኛው ሰው ሲናገር ብቻ ነው ማለት ነው። ለላይኛውስ መንደር እርሱ ራሱ የታች ሰው አይደለምን?

ከዚህ ቀጥሎ የፋብሪካው ነገር ይመጣል። ባለሙያዎች ብክለትን በሁለት ይከፍሉታል፤ ከአንድ ከታወቀ ቱቦ ወይም ቦይ የሚወጣው የነጥብ ብክለት ሲባል፣ ከብዙ ማሳ፣ ግቢና መንገድ ላይ ዝናብ አጥቦ የሚያመጣው የተበተነ ብክለት ይባላል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው፤ የሚከሰስ ባለቤት የሌለው፣ የሚሸትም የማይሸትም፣ ከእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ የሚጠራቀም። ባለቤት ስለሌለው የለም ማለት ግን ከባድ የአስተሳሰብ ስንፍና ነው።

የሚጠራቀመውም ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው፤ ምክንያቱም ተፋሰሱ እያደገ ነው። ቻይናውያን በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ያለችው ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ዛሬ የወረዳ መቀመጫ፣ የገበያና የትምህርት ማዕከል ናቸው፤ ሆቴል፣ ጤና ተቋም፣ ጋራዥ፣ የባጃጅ ማጠቢያና በበዓል ዋዜማ የሚደምቅ እርድ አላቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች በስተቀር የፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ ጣቢያ የለም፤ ስለዚህ የትንሽ ከተማ ሽንት ቤት ከመሬት ሥር፣ እጣቢውም ከመሬት ላይ ወደ ቅርቡ ሸለቆ ይሄዳል። ገጠሩም ቢሆን የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ገጠር አይደለም። የደጋው ገበሬ ቅጠል የሚያደርቀውን የድንች በሽታ ለመከላከል ማንኮዜብና ሪዶሚል፣ ለጤፉና ለስንዴው አረም ቱ ፎር ዲ ይረጫል፤ መርጫውን ከጀርባው አውርዶ የሚያለቀልቀውም ውሃ ካለበት ዘንድ ነው፤ ውሃ ያለበትም ጅረቱ ነው። የኬሚካሉ ባዶ ዕቃ ሳይቀር ታጥቦ የውሃ ወይም የዘይት መያዣ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል፣ ብዙ ምእመን ተሰብስቦ በሰነበተበት ስፍራ፣ ኮሌራ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲዛመት በዙሪያው ስንት ፋብሪካ ነበር? ሕዝብ በብዛት የሚሰፍርበት፣ መጸዳጃና የመጠጥ ውሃ ያልተሟላለት ቦታ ብቻውን ለወረርሽኝ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ ገበያ የሚቆምበት ከተማም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ከጥራት ጉዳይ ተነጥሎ ለግብርና የሚተወው የአፈር መሸርሸርም እዚሁ ይገባል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝብ ወጥቶ እርከን የሚሠራበት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በሄክታር ይለካል፣ ዓላማውም ምርታማነትን መጨመር ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በክረምት ቡና መስሎ የሚወርደው ወንዝ ተሸክሞ የሚሄደው አፈር ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት ላይ ፎስፈረስ፣ ፀረ ተባይና ባክቴሪያ ተጣብቆ ይጓዛል። ድፍርስ ውሃ ክሎሪን ቢጨመርበትም ክሎሪኑ በአፈሩ ላይ ያልቃል፤ ባክቴሪያውም በቅንጣቶቹ መካከል ተሸሽጎ ይተርፋል፤ መመዘኛዎች ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ውሃው መጥራት አለበት የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ታች ሲደረስ ደግሞ ሒሳቡ ይበዛል። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው የእምቦጭ አረም ከሚመገባቸው ነገሮች አንዱ በርብና በጉማራ በኩል የሚገባው የማሳ አፈርና ማዳበሪያ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ከበሽሎ ተነሥቶ በዓባይ የሚደርሰውን ደለል ይቀበላል። በባሕር ዳር በኩል ጣና ውስጥ ገብቶ እምቦጭ የሚነቅል ወጣትና በእስቴ ተዳፋት ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚያርስ ገበሬ ሳይተዋወቁ በአንድ ውሃ ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ያርማል።

«አባቶቻችን ጠጥተውት ኖረዋል» የሚለው ምላሽ በክርክር መድረክ ላይ ጭብጨባ ያገኛል። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ መጥቶ፣ ከጅረት በቅል እየጨለፈ ዓመታትን አሳልፎ መምህር የሆነው ሊቅ እንደ ምስክር ይቆጠራል። ምስክርነቱ ግን የተረፈ ሰው ምስክርነት ነው፤ ያልተረፈው አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ መዝግቦ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ተቅማጥ ከገዳዮቹ ዋነኞች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው የ2016 ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባ ቁመት የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መቀንጨር የሚመጣው ከምግብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ በተደጋጋሚ የሚቆስል አንጀት የበላውን ስለማያዋህድ ጭምር ነው። በሴፍቲኔት ስንዴ እያቀረቡ በቧንቧው ባክቴሪያ መስጠት በቀዳዳ ጆንያ እህል እንደ ማጓጓዝ ነው።

የቀረው ጠንካራው ክርክር «በቅድሚያ መጠኑ ይሟላ፣ ጥራቱ ይደርሳል» የሚለው ነው። ይህ ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ የሚያምር ቢሆንም በመሬት ላይ የለም። አንድ ጊዜ የተቆፈረ የእጅ ጉድጓድና የጎለበተ ምንጭ ለአሥርና ሃያ ዓመት በዚያው ቦታ ይኖራል፤ ከበረት በታች የተሠራ ከሆነ ለሃያ ዓመት ከበረት በታች ይቆያል። ጥራቱ «የሚደርሰው» ቦታው ሲመረጥ እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ አይደለም። ከዚህም ሌላ እጥረትና ብክለት እንደ ሁለት ተራ ጠባቂዎች የሚለያዩ አይደሉም፤ የእጅ ፓምፕ በአንዲት የጎማ ዕቃ እጦት ሲቆም ሰዉ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ምንጩ ሲያንስ ከብቱም ሰዉም በአንድ ኩሬ ይገናኛሉ። ሞልቶ የሚፈስ የተበከለ ውሃም ፊት ያጥብ እንደሆን እንጂ ታይፎይድን አያስቀርም። ብራድሊ በሽታዎቹን የለዩት አንዱን ወገን ለማከም እንጂ ሌላውን ለመርሳት አልነበረም።

የቅደም ተከተሉ እምነት የተተከለው በመለኪያው ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ይድረስ ሲል፣ የመጀመሪያው ዕቅድ ደግሞ በ1.5 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ብሎ ነበር። ሊትርና ኪሎ ሜትር ሲቆጠር የሚገኘው ድምር «የንጹህ መጠጥ ውሃ ሽፋን» ተብሎ ይጠራል። ንጹህነቱ በየትኛው ዓምድ ነው የተቆጠረው? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንኳ «የተሻሻለ ምንጭ» የሚለውን የቆየ መለኪያቸውን በዘላቂ ልማት ግቦች ዘመን በቂ አይደለም ብለው፣ ውሃው በግቢ ውስጥ መኖሩን፣ በተፈለገ ጊዜ መገኘቱንና ከብክለት ነጻ መሆኑን የሚጠይቅ ደረጃ ከላዩ ጨምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መሸሻ አለ፤ «ሰዉ አፍልቶ ይጠጣ፣ ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ጠብታ ይጨምር» የሚል። ማፍላት ይሠራል፤ በነፋስ መውጫ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ተሕዋስያኑን ለመግደል ይበቃል። ነገር ግን ኩበትና ባሕር ዛፍ ለቅሞ እንጀራ ለመጋገር ለምትቸገር እናት በቀን ብዙ ሊትር ውሃ አፍልታ አቀዝቅዢ ማለት የተፋሰሱን ዕዳ በእርሷ ጀርባ ላይ መጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ውጤታቸው የወጣው የባንግላዴሽ፣ የኬንያና የዚምባብዌ ሰፋፊ ሙከራዎችም በየቤቱ የሚታደል ክሎሪንና የእጅ መታጠቢያ ብቻውን የሕፃናትን ቁመት እንዳላሻሻለ አሳይተዋል። አንዳንዶች ይህን ጥራት ዋጋ የለውም ብለው ይተረጉሙታል፤ ጥናቱን ያካሄዱት ተመራማሪዎች ግን የደረሱበት የጓዳ ጥንቃቄ ብቻውን እንደማይበቃና የሕፃናቱ አካባቢ ከቆሻሻ እጅግ ይበልጥ መጽዳት እንዳለበት ነው። ጠብታው በጀሪካን ውስጥ፣ በረቱ ከምንጩ ራስ ላይ ከሆነ ማን ያሸንፋል?

ሕግ የለም የሚባል ሰበብም አይሠራም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የቤት ውስጥ ፍጆታን ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት አስቀድሟል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የአካባቢ ብክለትን ይቆጣጠራል። የመመርመሪያ ሣጥኑም በእጅ ተይዞ በበቅሎ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ዋጋው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። የጎደለው ውጤቱን የሚጠይቅ ሰው ነው፤ የማይጠይቀውም ውሃው ንጹህ መሆኑን አስቀድሞ ስላመነ ነው።

ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት የሚቀርበው ሪፖርት ከሊትሩና ከኪሎ ሜትሩ ጎን አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ እያንዳንዱ ምንጭ፣ የእጅ ጉድጓድና ቦኖ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ማግሥት ተመርምሮ በወረቀቱ ላይ ስንት ቢጫ ነጥብ እንደተቆጠረ ይጻፍበት፤ ቁጥሩም በዚያው ምንጭ አጠገብ ለሚቀዱት ሴቶች ይነበብላቸው። ያ ዓምድ ባዶ ሆኖ በቀረበት ገጽ ሁሉ ደግሞ «ንጹህ» የሚለው ቃል ይሰረዝና «የውሃ ሽፋን» ተብሎ ብቻ ይታተም።